የጥንቸሏ ተራ

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ በእንስሳ ላይ መድኃኒት የሞከረ ሰው፣ ሙከራው ሲያበቃ እንስሳውን ቤቱ ወስዶ እስኪሞት ይጦራል። ይትባረክም ዓይኗ የጠፋ ነጭ ጥንቸል ይዞ ገባ። እንዳትጋጭ ተብሎ ቤት ውስጥ በርጩማ እንኳ ከቦታው አይነሳም።

ለእናቱ የዓይን ግፊት ጠብታ ሊያደርግላቸው ብልቃጡን ሲከፍት፣ ጥንቸሏ ድምፁን ሰምታ መጣችና ፊቷን ቀና አደረገች።

«ይኸው፣ ሌላዋ ተጧሪ መጣች» አሉ እናቱ እየሳቁ። «የእኔን ዓይን ያተረፈ መድኃኒት ለእሷ እንዴት እምቢ አለ?»

«ለእሷ አልደረሳትም፣ እማዬ። መድኃኒቱን ካገኙት ጋር ልዩነቱ እንዲታይ የዓይኗን ግፊት እኔው ጨምሬባት፣ ውሃ ብቻ ነበር የማደርግላት።»

እናቱ ሳቃቸውን ተዉ። ፊታቸውንም ከብልቃጡ መለሱ።

«በል፣ መጀመሪያ ለእሷ።»

«አሁንማ ምን ይጠቅማታል?»

«አድርግላት አልኩህ።»

ይትባረክ ተንበረከከ። ጥንቸሏ እንደ ልማዷ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀችው።