የስመኘው መሐላ

ለታከለ ባሩድ የምሰፍርለት እኔ ነበርሁ። ሴትና ባሩድ ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ። ባሌ የሩቁን እንጂ የቅርቡን አያይም ነበር፤ ስፍር ደግሞ የቅርብ ዓይን ይፈልጋል። አንዲት ባዶ ቀለህ ነበረችን። እሷን እሞላና አፏን በጣቴ ጠርጌ ወደ መቃ እገለብጣታለሁ፤ የመቃውን አፍ በሰም እደፍናለሁ። አንድ መቃ ለአንድ ተኩስ ነው። ባሩዱ ከበዛ ጠመንጃውን ይሰነጥቀዋል፤ ካነሰ አውሬውን አቁስሎ ያስቆጣዋል። ፊደል አልቆጠርሁም፣ ስፍር ግን ስታ አታውቅም እየተባለልኝ ነው የኖርሁ።

ጠመንጃው ከአያቱ የወረደ፣ በአፉ የሚጎርስ ነው። አንዴ ከተኮሰ በኋላ እንደገና ባሩዱን ማፍሰስ፣ እርሳሱን መክተት፣ በዘንግ መጠቅጠቅ አለ። እስከዚያ አውሬው ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ታከለ ብቻውን አይወጣም። ትርፍ መቃዎቹን በወገቡ ታጥቆ የሚከተለው፣ የሚያጎርስለትም፣ ሚዜው ስመኘው ነበር።

ያን ዓመት ፈጣም ወንዝ ዳር ያለውን በቆሏችንን ከርከሮ ፈጀው። አንድ ጧት ከማሳው ገብቷል የሚል ጩኸት መጣ። ታከለ ጠመንጃውን አነሣ፤ የጎረሰ ነው፣ ትርፍ መቃ ግን አልተሞላም። የልጄ ልጅ ያምሮት ያኔ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጉንፋን ይዟት ቀሚሴን ጨብጣ ትነጫነጫለች። ባሩዱን ልጆች እንዳያገኙት ከቅመሞቼ መሃል ነበር የምሸሽገው። የቅመም ሙዳዬን ከፈትሁና አንዴ ለሷ መድኃኒቷን፣ አንዴ ለሱ መቃውን እያልሁ ተጣደፍሁ።

«ሴትዮ፣ ከርከሮው አርጅቶ መሞቱ ነው» አለኝ ታከለ።

«ሂድ፣ ስትመለስ ትሳደባለህ» አልሁት።

አልተመለሰም። የመጀመሪያው ተኩስ ከርከሮውን ጎኑን ጫረው እንጂ አልጣለውም። ዞረባቸው። ስመኘው ሁለተኛውን አጎረሰ፣ ታከለ ቃታውን ሳበ፣ ጠመንጃው ዝም አለ። ከርከሮው የታከለን ታፋ ቀደደው። ስመኘው ደረቅ ጋቢውን ተርትሮ ቁስሉን አሰረለት። በቃሬዛ አስፋልቱ ድረስ ተሸከምነው። ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ መኪና ላይ ሳለን፣ መንገዱን እንኳ ሳናጋምስ፣ ደሙ አለቀ።

በቀብሩ ዕለት ስመኘው ድንጋይ ተሸክሞ ፊቴ ቆመ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ፈጣምን ስሻገር ወድቄ ባሩዱን አረጠብሁት።»

ድንጋዩን ከትከሻው አውርጂ አሉኝ። አላወረድሁም።

በዚያው ክረምት ታከለና ስመኘው በድንበር ተጣልተው፣ በሽማግሌ ታርቀው ነበር። ጎረቤቴ ማሚቱ ይህን አልረሳችም። «ሚዜ ባሩድ ያረጥባል? አውቆ ነው» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ተይ ማለት ሲገባኝ ሰማኋት። መስማት ብቻ አይደለም፣ ደግማ እንድትነግረኝ እየሄድሁ እቀመጥ ነበር።

ስመኘው አሥራ አምስት ዓመት ማሳዬን አረሰልኝ። ዝናብ ሲጥል በሬዎቹን እየነዳ ይመጣል፣ እንደምን አደርሽ ይላል፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ሲጠማው ወንዝ ወርዶ ይጠጣል። ልጆቼ፣ ከቤቴ አንድ ጣሳ ውኃ አልሰጠሁትም። ዛሬ ውኃ ስጠጣ ጉሮሮዬ ላይ የሚቆመው ይኸ ነው።

ከዚያ ያምሮት አደገችና ማንን ብትወድ ጥሩ ነው? ናሁሰናይን፤ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ የሚነዳውን የስመኘውን ልጅ።

«እምዬ፣ እሱ እኮ የሚይዘው መሪ ነው፤ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም» አለችኝ።

«አባቱ ነክቷል።»

«ካልፈቀድሽ ሌላ አላገባም። እዚሁ ካንቺ ጋር አረጃለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልጅቱ ግን እህል እምቢ አለች፤ ቀሚሷ ከላይዋ ሰፋ።

የንስሐ አባቴ አባ ዘሚካኤል ሽማግሌ ሰብስበው፣ ስመኘውንና ልጁን ይዘው ከቤቴ ገቡ።

«ወለተ ሐና፣ ምን ቢደረግ ይቅር ትያለሽ?»

«ባሩዱ ሳላውቅ ነው የረጠበብኝ ብሎ በጊዮርጊስ ይማልልኝ፣ አባ። ከማለ ልጅቱን እሰጣለሁ። ካልማለ እጁ ደም አለበት።»

አባ ዘሚካኤል ፊታቸው ፈካ። «ከዚህ የቀለለ ምን አለ? በል ስመኘው፣ ማልና የሠርጉን ቀን እንቁረጥ።»

ስመኘው መሬት መሬቱን አየ። ናሁሰናይ «አባባ፣ በል እንጂ» አለው።

«አልምልም» አለ ስመኘው።

ማሚቱ ከበሩ ላይ «እኔስ ምን አልሁ?» አለች። ናሁሰናይ አባቱን ሳያይ ወጣ። ያምሮት ምሰሶውን ይዛ ቀረች።

«ለምን?» አልሁት። ከቀብሩ ወዲህ ለሱ የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«በሐሰት አልምልም፣ እታለም።»

«እንግዲያ አውቀህ ነው ያረጠብኸው።»

«ሰዎቹ ይውጡልኝ» አለ።

አባ ዘሚካኤል ሁሉንም አስወጡ፤ ያምሮትንም እጇን ይዘው። በሩ ተዘጋ። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን በገዛ አፉ ሊናገር ነው፣ እኔም የባሌን ገዳይ አውቄ ልሞት ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት።

«እታለም፣ ያንለት ጠመንጃውን ስገለብጠው ከአፈሙዙ የፈሰሰው ጥቁር አዝሙድ ነው።»