የታርሊንግ የመጨረሻው ሌባ

የቡድሃ መነኩሴው ላማ ንጋዋንግ በወጣትነታቸው አንድ ቃል ገብተው ነበር፦ በታርሊንግ መንደር አንድ ሌባ እንኳ እስካለ ድረስ ከመወለድና ከመሞት አዙሪት አይወጡም። ሌባ ሲጠፋ ግን ሥጋቸውን ጥለው ላይመለሱ ይሄዳሉ።

አሁን ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ወደ ጸሎት አዳራሹ የሚወጡት በሰው ጀርባ ነው። በመንደሩ የቀረው ሌባ ሳምድሩፕ ብቻ ነበር። እሱም የመበለቲቱን የፔልኪን አይብ ይሰርቃል፤ እሷ ጣሪያ ላይ ታሰጣለች፣ እሱ ያወርዳል።

አንድ ጧት ቤቱ ድረስ ሄደችበት።

«ለአይቤ ብዬ አይደለም» አለችው። «ሽማግሌው ባንተ የተነሳ ማረፍ አቃታቸው። በሚቀጥለው ሕይወትህ አልቅት ሆነህ ነው የምትወለደው።»

«አልቅት አይብ ይበላል እንዴ?»

«ደም ነው የሚመጠው።»

«እንዲያ ከሆነማ ያኔም ካንቺ አልርቅም፣ እትዬ።»

ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ከዚያ ትናንት ላማውን አዝላ ደረጃውን ስትወጣ፣ እያቃሰቱ ስለክብደታቸው ይቅርታ እንደጠየቋት ነገረችው። ሳምድሩፕ በማግስቱ በሕዝቡ ፊት ተደፍቶ ዳግመኛ ላይሰርቅ ማለ።

መንደሩ ጨፈረ። ጭፈራው ሲበርድ ላማው «እንግዲህ ጨረቃ ስትሞላ እሄዳለሁ» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባው።

ፔልኪ ሳምንቱን ሙሉ ሾርባ አመላለሰችላቸው። በመጨረሻው ምሽት እጇን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ሾርባሽ ጨው ይበዛዋል» አሏት። «ሠላሳ ዓመት ልነግርሽ ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

እያለቀሰች ወጣች።

ሲነጋ ሕዝቡ አዳራሹን ሞላው። ላማው አዲስ ካባቸውን ለብሰው ተቀመጡ። የመሰናበቻው ጸሎት ሊጀመር ሲል ግን ጸሎቱ የሚታጀብበት ትልቁ ከበሮ ከቦታው የለም። ዓይን ሁሉ ወደ ሳምድሩፕ ዞረ።

«አሁንስ አበዛኸው» አለ አንዱ። «አንድ ሳምንት እንኳ አልቻልክም?»

ሳምድሩፕ አፉን ከፈተ። ላማውን አየ። አጠገባቸው የቆመችውን፣ የእግሯን ጣት የምትቆጥረውን ፔልኪን አየ። አፉን ዘጋ።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «አመል ነው፤ ምን ላድርግ።»

ላማው በረጅሙ ተነፈሱና ካባቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ እቆያለሁ። ቁርስ አለ?»

ፔልኪ ቁርስ ላምጣ ብላ ቤቷ ሮጠች፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ከአልጋዋ ሥር አፈንግጦ የሚታየውን ከበሮ በእግሯ ገፋ አደረገችው።