አጭሩ ለምን ተወደደ

የጥበቃ ድርጅቱ አለቃ በቀኝ እጁ ጠመንጃውን፣ በግራው ሽጉጡን ይዞ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አደረጋቸው። ከዚያ ሳቀ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የዚያ ቁራጭ ነው! በምን ሒሳብ ነው እጥፍ የሚያወጣው?»

ብናኝ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ይህ ስም የወጣላት የብረት ብናኝ ከፀጉሯ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው፤ ያወጣላትም አጎቷ፣ የወርክሾፑ ባለቤት ነው። ሠላሳ ዓመት ጠመንጃ ሲሠራ ሽጉጥን ግን «የሰዓት ሠሪ ሥራ» እያለ ነክቶት አያውቅም። ውላቸው አጭር ነበር፦ የሠራችው ሽጉጥ ባለችው ዋጋ ከተሸጠ በመስኮቱ ሥር ያለው ሞርሳ፣ ብረት ጨምድዶ የሚይዘው መሣሪያ፣ የእሷ ይሆናል፤ ካልተሸጠ የጠመንጃ ሰደፍ ወደ መወልወሏ ትመለሳለች። ስድስት ዓመት ወልውላለች። ሰባተኛ መጨመር አትፈልግም።

«ጋሼ፣ በክብደት ከሆነማ በሩን ነቅለው ይውሰዱት» አለች። «ከሁለቱም ይከብዳል።»

አጎቷ ከጥግ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ለደንበኛ እንዲህ አይመለስም ማለቱ ነው። እሷ ግን አንዴ ጀምራዋለች።

«ጠመንጃ ሰፊ ግቢ ነው፤ ሁሉም እንደልቡ ይቀመጣል። የሚደግፈው ትከሻም አለ። እዚህ ግን ሞላው፣ ቃታው፣ የጥይት ካዝናው፣ ሁሉም መዳፍ በምታህል ቤት ነው የሚያድረው። አንዱ የፀጉር ያህል ከተዛነፈ ሌላው ይነክሳል። ይሄ የላይኛው ብረት ደግሞ በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው ቦታው መመለስ አለበት።»

«ወሬ ነው» አለ አለቃው።

«እንግዲያው ይስሙት።»

ባዶ መሆኑን አሳየችውና ሽጉጡን ጆሮው ሥር ወዘወዘችው። ዝም። ጠመንጃውን ወዘወዘችው፤ ቀጭ ቀጭ አለ።

«ይሄስ ያወራል!» ብሎ ሳቀ አለቃው። ጠመንጃው የአጎቷ እጅ ሥራ ነው። አጎቷ አልሳቀም።

«ምርጥ ጠመንጃ ነው» አለች ቶሎ ብላ። «ለጠመንጃ ይህ ምንም አይደለም። ሽጉጥ ግን ይህችንም አይችላት።»

ሞላውን አውጥታ የቀረውን ገጣጠመችውና ሽጉጡን ቀስ ብላ አዘነበለችው። የላይኛው ብረት ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ክብደት፣ ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። ወደ ሌላው ጎን ስታዘነብለው ተመለሰ።

አለቃው ተቀብሎ ራሱ አዘነበለው። ደገመ። ሠለሰ። ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ።

«በምን ማሽን ነው የሠራሽው?»

«ሞረድ ነው፣ ጋሼ። ሞረድና አሥራ ዘጠኝ ቀን። ጠመንጃው የፈጀው አምስት ነው።»

«ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ለአጣሪው» አለ፤ ሽጉጡን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይሄን እወስዳለሁ። ሌላ ስድስት ሥሪልኝ፣ ባልሽው ዋጋ።»

ደስታው ከእግሯ ተነስቶ ጉንጯ ላይ ወጣ። ልትደብቀውም አልሞከረች።

አጎቷ ወደ መስኮቱ ሄዶ የራሱን ሞረዶች ከሞርሳው አጠገብ አንድ በአንድ ለቀመና ወደ ጥግ አዛወራቸው። ከዚያ ተመልሶ መጣ፤ የመወልወያ ጨርቋን ከትከሻዋ ላይ ወሰደና ሞርሳውን ይወለውልላት ጀመር።