የደከመው ቧንቧ

በ1978 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የብሔራዊ ውትድርና ማሰልጠኛ፣ የወጥ ቤቱ የእንፋሎት ቧንቧ ለሦስተኛ ጊዜ ፈነዳ።

እንፋሎት ከሌለ ድስት አይፈላም። አራት መቶ ሠልጣኝ በማገዶ መመገብ ስላልተቻለ፣ አዛዡ እንደ ወትሮው «ቧንቧው እስኪጠገን ከየቤታችሁ ቆዩ» ብሎ አሰናበታቸው። ከመጀመሪያው ስንብት ዘጠናው፣ ከሁለተኛው መቶ ሠላሳው እንደወጡ ቀርተዋል።

ካድሬው ጓድ ሥዩም ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ቦይለሩን የሚያነደው ይርጋ የሚባል ዝምተኛ የስማዳ ሽማግሌ ነበር።

«አሻጥር ነው!» አለ ሥዩም። «ሰኞ ታስሮ ደብረ ታቦር ይወርዳል።»

አዛዡ ግን የባለሙያ ቃል ካልተያያዘ አልፈርምም ስላለ መሐንዲስ ተጠራ።

ብርቱካን ቅዳሜ ጠዋት ከአውቶቡስ ወረደች። ሥዩም ሻንጣዋን ተቀብሎ ከኋላዋ ያማትር ጀመር።

«መሐንዲሱስ?»

«ሻንጣውን ያቀበለችዎ ናት።»

ሥዩም ደንግጦ ወሬ ለወጠ። ወንድም እህት እንዳላት ጠየቃት።

«አንድ ወንድም። ግንባር ነው። ደብዳቤው ከቆመ ስምንት ወር ሆነው።»

«ጀግና ነው!»

«እንዲያ ይሉኛል» አለችና ወደ ወጥ ቤቱ ገባች፤ ሥዩምና አዛዡም ተከተሏት።

ወፍራሙ ቧንቧ ከቦይለሩ ይመጣል፤ ከጎኑ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ተበይዶ ወደ ድስቶቹ ይወርዳል። የተሰነጠቀው ልክ መገናኛው ላይ ነው። ብርቱካን በርጩማ ላይ ቆማ ስንጥቁን በአጉሊ መነጽር አየችው። አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ አስኬደች። ደግማ አየችው። ከዚያ ይርጋን በቀን ስንቴ እንደሚያነድ ጠየቀችው።

«ሦስት ጊዜ፣ እመቤቴ» አለ ይርጋ።

ብርቱካን ደብተሯ ላይ ስታሰላ ቆየችና ከኪሷ ሽቦ አውጥታ ለሥዩም ሰጠችው።

«ይጠፉት። አሁን ያቅኑት። ይድገሙት።»

በአሥራ አንደኛው ሽቦው ቀጭ አለ።

«ምን ያህል ጉልበት አወጡ?»

«ምንም።»

«ቧንቧውም እንዲሁ ነው። ሲግል ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። ቅርንጫፉን ግን ከግድግዳው ጋር በብረት ጠፍንጋችሁታል፤ መላወሻ የለውም። ጫናው ሁሉ መገናኛው ላይ ያርፋል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ስንት ወር? ብረቱ ደከመ።»

«ብረት ይደክማል?» አለ ሥዩም። «በአብዮት ዘመን?»

«በእጅዎ የያዙት ምንድን ነው ታዲያ? የሰበረውስ ማነው፣ አሻጥረኛ?»

አዛዡ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሥዩም ሁለቱን የሽቦ ቁራጮች ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ብርቱካን ሪፖርቱን እዚያው ጻፈች፤ መገናኛው በድካም ተሰነጠቀ፤ የሰው እጅ የለበትም፤ ማሰሪያው ይላላ፤ ዙሪያው በወፍራም ብረት ይደገፍ። የተሰነጠቀውን ክፍል አስቆርጣ በጨርቅ ጠቀለለችና ሻንጣዋ ውስጥ አኖረችው፤ «ለተጨማሪ ምርመራ ነው» አለች።

«ጥገናው ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ አዛዡ።

«አንድ ወር።»

«አንድ ወር! ያሉትም ይበተኑብኛል እኮ!»

«መቸኮል አይቻልም» አለች። አዛዡ እያጉረመረመ ፈረመ።

እሑድ ጠዋት ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ የሸኛት ይርጋ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጉልበቷን ሊስም ዝቅ አለ።

«ከሞት አወጡኝ፣ እመቤቴ። ምን ልክፈልዎ?»

ብርቱካን ደግፋ አቃናችውና ዙሪያዋን አይታ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ጋሽ ይርጋ፣ ለሌላ ጊዜ ቧንቧውን በመጋዝ ከገዘገዙት በኋላ ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱት።»