የሠሪው ስም

በጎ ፈቃደኞች በጋራ የሚሠሩት፣ ማንም ወስዶ የሚያሻሽለው ነፃ የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና አለ። አዲስ ሶፍትዌር ወደ ስርዓቱ የሚገባበት ደንብ ሲታደስ፣ በጎ ፈቃደኞቹ እንዲያረቅቅ የመረጡት ከመካከላቸው አንዱን ፕሮግራመር ነበር። ሁሉም ያከብሩታል፤ የአማርኛ ፊደል ማረሚያውን የሠራላቸው እሱ ነዋ።

"የሠሪው እውነተኛ ስም ያልተጻፈበት ሥራ ተቀባይነት የለውም" የሚለው አንቀጽ ላይ ሲደርስ መጻፉን አቆመ። ማረሚያው በእሱ ስም ይውጣ እንጂ፣ አርባ ሺህ ቃል አንድ በአንድ የለቀመችው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ትርሲት ነበረች። ስሟን ከፋቀ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

አንቀጹን ጻፈው። ደንቡ በጸደቀበት ዕለትም፣ "አንባቢ" በሚል ስም በየወሩ የማረሚያውን ስህተት አርሞ ለሚልክለት ሰው፣ "ስምዎን ካልጻፉ ከእንግዲህ አልቀበልም" ብሎ ሥራውን መለሰለት። የጻፈውን መልስ ደግሞ ሲያነበው ግን በራሱ አፈረ።

በማግስቱ አላስችል አለውና ለትርሲት ደወለ።

"በድዬሻለሁ" አላት። "ማረሚያውን በስሜ ነው ያወጣሁት።"

"ከወጣበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ" አለችው።

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ ቀረሽ?"

"ልጆቼም ሌላውም ሰው ይጽፍበታል ብዬ ተውኩት።" ቀጥላም እንዲህ አለች፦ "ትናንት የመለስክብኝን እርማት ግን አስገባው፤ አሥራ ሁለት ቃል ተሳስቷል።"