ሦስተኛው የጭነት ክፍል

ማዕዶት ዌስትላንድስ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ከሞምባሳ የወጡ የደረቅ ጭነት መርከቦች የት እንደደረሱ በኮምፒውተር ትከታተላለች። ቢሮው ውስጥ አማርኛ የምትናገረው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ሰኞ ጠዋት አቶ አድነው ሲመጡ ዘበኛው ወደ እሷ ላካቸው።

አቶ አድነው ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ልብስ የሚሰፉ ሽማግሌ ስደተኛ ናቸው። የመርከብ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዘዋል።

«ትናንት ነው የወጣችው፤ ወደ ሙምባይ ነው የምትሄደው» አለቻቸው ማዕዶት ስሙን ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጋ።

«ትልቅ ናት?»

«መቶ ዘጠና ሜትር ትረዝማለች። አምስት የጭነት ክፍል አላት።»

«ሦስተኛው ሞልቷል?»

ማዕዶት ዝርዝሩን አየች። «ባዶ ነው።»

ሽማግሌው ትንሽ ቀለል ያላቸው መሰላት። «ክዳኑስ?»

«ብረት ነው። ሙምባይ እስክትደርስ አይከፈትም። ዘጠኝ ቀን ይፈጃል።»

ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሳይሰናበቷት ወጡ።

ማክሰኞ ተመልሰው መጡ። የመርከቧን ፍጥነት ጠየቁ። አየር ማስገቢያ እንዳላት ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ካፒቴኑ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አሏት።

«እንዴት ማለት፣ ጋሼ?»

«ሰው ያናግራል ወይ ለማለት ነው።»

ማዕዶት ነገሩ ስላላማራት ለአለቃዋ ለሱሀይብ ነገረችው።

«ባዶ ክፍል ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ደብቀዋል። ካፒቴኑን በጉቦ ሊይዙት ነው» አለ ሱሀይብ። «ከእንግዲህ ምንም እንዳትነግሪያቸው። ፖሊስ እስኪመጣ በዘዴ አቆዪያቸው።»

ረቡዕ፣ «ሲስተም የለም» ብላ ዋሸቻቸው። አልሄዱም። በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ እስከ ማታ ተቀመጡ። ዘበኛው ውሃ ቢሰጣቸው ጠርሙሱን ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩትና ሳይጠጡ መለሱለት። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው ስትል አሰበች ማዕዶት።

ሐሙስ ጠዋት ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ጠበቋቸው። ሽማግሌው ለመሸሽ አልሞከሩም።

አንደኛው ፖሊስ በስዋሂሊ ጠየቃቸው፤ ማዕዶት ተረጎመች። «ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ምን እንደደበቁ ይናገሩ ነው የሚልዎት።»

አቶ አድነው ወደ እሷ ዞሩ። «ብናገር ካፒቴኑ ባሕር ውስጥ አይጥለውም?»

ጥያቄውን ስትተረጉምለት ፖሊሱ ሳቀ። «ማስረጃ አይጣልም፤ እንዲጠብቀው ዛሬውኑ ትእዛዝ ይደርሰዋል በያቸው። ምንድን ነው የደበቁት?»

ማዕዶት ይህንንም ተረጎመች።

«ልጄን» አሉ።