ሌባ ሲነካው የሚጮኸው ቁልፍ

በሚሌኒየሙ ማግሥት ደሴ ውስጥ ቫይረስ ያልገባበት ፍላሽ ማግኘት፣ በክረምት ፒያሳ ላይ ጭቃ ያልነካው ጫማ እንደማግኘት ነበር። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ጠዋት የጻፉትን ከሰዓት ያጡታል። የሚኒባስ ሾፌሮች ዘፈን ብለው ሲከፍቱ ባዶ ፎልደር ያገኛሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ደግሞ ይስማው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

«ጁነይድ ነዋ!» ይላል ነጭ ጋዋኑን እየቆለፈ። «ዘፈን ጫኝ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል?»

ይስማው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ወር ተምሮ መጥቶ፣ ሰርተፊኬቱን በመስተዋት አሠርቶ ሰቅሎ፣ ሰዉ «ኢንጂነር» ብሎ እንዲጠራው አስለምዷል። ኮምፒውተሩ የዳንቴል ልብስ አለው። ጁነይድ ግን በዚያው ኮሪደር ከፊት ለፊቱ፣ ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ አሮጌ ማሽን ላይ ቬንትሌተር ደቅኖ፣ ለመጣው ሁሉ ዘፈንና መንዙማ ሲጭን ይውላል። ይስማው ያንን ማሽን ባየ ቁጥር ፊቱን ያጨማድዳል። ከማሽኑ ይልቅ የሚያንገበግበው ግን የጁነይድ ቤት በአስፋልቱ በኩል በር ያለው መሆኑ ነበር።

አንድ ጠዋት ፈትሂያ የምትባል ከኮምቦልቻ የምትመላለስ ጸሐፊ ይስማው ያጸዳላትን ፍላሽ ይዛ ተመልሳ መጣች።

«ኢንጂነር፣ ካጸዱልኝ ሳምንት አልሞላውም። ያው ነገር ገባበት።»

«ጁነይድ ጋ ጎራ ብለሽ ይሆናላ!»

«ወላሂ ደጁንም አልረገጥኩ! ከእርስዎ ወጥቼ በቀጥታ መነኻሪያ ነው የሄድኩት።»

ይስማው ሳቀባት። ዘፈን አስጭኖ የሚክድ ሰው ለእሱ ብርቅ አልነበረም።

ከኪሱ ሰማያዊ ፍላሽ አወጣ። የማጽጃ ፕሮግራሞቹን የሚይዝበት ነው፤ ጎኑ ላይ ጥፍር የምታህል ተንሸራታች ቁልፍ አለችው።

«ይቺን ወደዚህ ስገፋት ተቆለፈ» አላት። «ማንበብ ይቻላል። መጻፍ ግን ወግድ! ቫይረስ ቢመጣ በሩ ዝግ ነው።»

ሰካው። ጢን ብላ አንዲት የእንግሊዝኛ መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ይስማው ዝንብ እሽ እንደሚል ሰው፣ ሳያነባት «ኦኬ» ብሎ አባረራትና ወደ ሥራው ገባ። ፈትሂያ ፍላሿን ተቀብላ አመስግና ሄደች።

በዚያው ሳምንት ጉዳቱ የሕንፃው ባለቤት ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ላይ ደረሰ። የሟች አባታቸውን መንዙማ ጁነይድ ጋ ከአሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ አስገልብጠው፣ ይስማው ጋ ለልጆቻቸው አስባዝተው፣ ቤት ገብተው ቢከፍቱት ሁሉም ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ካሴቱ ሲገለበጥ ተበጣጥሷል። ጁነይድም ማሽኑ ጢም ብሎ ስለሞላበት ቅጂ አላስቀረም።

ሐጂ እንደ ሕፃን አለቀሱ። «አባቴን ሁለተኛ ቀበርኩት» አሉ። እንባቸውን ጠርገው ደግሞ ማሉ፦ «ይሄን መዓት የሚረጨው ከተከራዮቼ አንዱ ከሆነ፣ ወላሂ፣ ባወቅሁበት ሰዓት ቁልፌን እቀበለዋለሁ!»

ይስማው ሠርግ የተጠራ ያህል ፊቱ በራ።

«ሐጂ፣ ሌባውን ዓይንዎ እያየ ላስይዝልዎት» አለና ሰማያዊውን ፍላሽ አሳያቸው። «ይሄ የተቆለፈ ነው። ንጹሕ ማሽን ላይ ሲሰካ ዝም ነው የሚለው። ቫይረስ ተደብቆ ልጻፍበት ሲል ግን ማሽኑ ጢን ብሎ ይጮኻል።»

«እኛ ምንም ሳንነካ?»

«ምንም ሳንነካ!»

«ከጮኸ የሌባው ቤት ነው በለኛ።»

«እንደሱ ነው ሐጂ! ይማሉበት!»

ኮሪደሩን ተሻገሩ። ጁነይድ ነገሩን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ።

«ይስማው ወንድሜ፣ ሚስቴ የደረሰች ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ ቤት ብወጣ ምን ይዤ እገባለሁ? ማሽኔን በየሳምንቱ አጸዳለሁ። ሰዉ ነው ከሌላ ቦታ ይዞት የሚመጣው።»

«የአብዬን ወደ እምዬ!» አለ ይስማውና ፍላሹን ሰካ።

ጠበቁ። ቬንትሌተሩ ያጓራል። የሐጂ መቁጠሪያ ሙስበሃ አንድ ዙር ዞረ። ማሽኑ ዝም።

ይስማው ነቅሎ፣ እፍ እፍ ብሎ፣ እንደገና ሰካው። ዝም።

«ድምፁን ዘግቶታል!»

ጁነይድ አንድ ዘፈን ነካ አደረገ። ስፒከሩ ሕንፃውን አናጋው። አጠፋውና ቆሞ ጠበቀ።

«አልጮኸም» አሉ ሐጂ።

የይስማው ጆሮ ጋለ። አንድ ዘፈን ጫኝ ፊት፣ ከእነሰርተፊኬቱ! «አጭበርብሮ ነው እንጂ ፍላሹስ ደህና ነው» አለ። «ይምጡ እኔ ጋ፤ መጮኹን በጆሮዎ ይስሙት!»

ተመለሱ። ጁነይድም ተከተላቸው። ይስማው የዳንቴሉን ልብስ ገልጦ ማሽኑን ከፈተ፣ ሰማያዊውን ፍላሽ ሰካ፣ ምንም እንዳልነካ እንዲያዩለት ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

ጢን!

«አላልኩዎትም?» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ይኸው ጮኸ!»

ሐጂ ስክሪኑን አዩ፤ ይስማውን አዩ። ሙስበሃቸውን ኪሳቸው ከትተው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን» አሉ።

ይስማው ሰማያዊውን ፍላሽ ነቅሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«ይሄን አይደለም ልጄ፤ የቤቱን።»